ሳይሞቅ የሚቀልጥ ጠጣር

የፊዚክስ መምህር ማቅለጥን ሲያስረዳ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ ጠጣሩ ይሞቃል፣ የአቶሞቹ ንዝረት ይበረታል፣ በመጨረሻም ከቦታቸው ይለቃሉ። ለዕለት ኑሮ ይህ ይበቃል። ከሚሴ ውስጥ መንገድ ዳር በያጅ ብረት ሲያያይዝ የስፌቱ ግራና ቀኝ ሰማያዊና ቡናማ ሆኖ የሚቀረው ሙቀቱ ከመገጣጠሚያው አልፎ ስለሚዛመት ነው። ይህን መንገድ ብቸኛ ሕግ አድርጎ ማስተማር ግን ትክክል አይደለም ባይ ነኝ። ሲሊከን ውስጥ አቶሞች አንድ ጊዜ ተወዛውዘው ለመመለስ 64 ፌምቶሰከንድ ገደማ ይፈጅባቸዋል፤ ፌምቶሰከንድ ማለት ሰከንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ቦታ ሲከፈል አንዱ ነው። የዛሬ ሌዘሮች ከዚህም ያጠረ ብልጭታ ያወጣሉ። ብርሃኑን መጀመሪያ የሚቀበሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ጉልበቱን ለአቶሞቹ እስኪያካፍሉ በአብዛኛው ፒኮሰከንዶች፣ ማለትም በሺህ የሚቆጠሩ ፌምቶሰከንዶች ያልፋሉ። እስከዚያው አንዱ ጠጣር ሁለት መጠነ ሙቀት ይኖረዋል፤ ኤሌክትሮኖቹ እጅግ ግለዋል፣ አቶሞቹ ገና ቀዝቃዛ ናቸው። አቶሞቹን አያይዘው የሚያቆሙት ደግሞ እነዚያው ኤሌክትሮኖች ስለሆኑ፣ ብዙዎቹ ከትስስሩ ሲነቀሉ ክሪስታሉ ሳይሞቅ ይፈርሳል።

“ይህ ያው ፈጣን ማሞቅ አይደለም ወይ?” የሚል ሙግት ይነሳል፤ ክብደት ያለው ሙግት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች አሉሚኒየም በ3.5 ፒኮሰከንድ ሲቀልጥ በኤሌክትሮን ጨረር ተከታትለዋል፤ እሱ በእርግጥም የሙቀት መንገድ ነው። ኢንዲየም አንቲሞናይድ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። በ2005 ይፋ የሆነው የስታንፎርድ የኤክስሬይ ሙከራ እንዳሳየው፣ ከብልጭታው በኋላ ባሉት ጥቂት መቶ ፌምቶሰከንዶች አቶሞቹ ከቦታቸው የሸሹት ቀድሞም በክፍሉ ሙቀት በነበራቸው ፍጥነት ነው። የገፋቸው የለም፤ ይዟቸው የነበረው ለቀቃቸው እንጂ። በሙቀት ብቻ ይህን ማስረዳት አይቻልም። ወርቅ ላይ ጭራሽ የኤሌክትሮኖቹ መጋል ትስስሩን እንደሚያጠነክር የሚያሳይ መረጃ በ2009 ወጥቷል።

መሣሪያው በሌለበት ይህ ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ተማሪ ምን ይፈይዳል የሚሉም አሉ። መጠነ ሙቀት ጉልበት ለሁሉም ከተዳረሰ በኋላ ብቻ ትርጉም የሚያገኝ ቁጥር መሆኑን ተማሪው በግልጽ የሚያየው እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። በፌምቶሰከንድ ሌዘር የዓይን ኮርኒያ ዙሪያው ሳይቃጠል የሚቆረጥበትም ምክንያት ከዚሁ ይገባዋል። በፌምቶሰከንድ ብልጭታ የኬሚካዊ ለውጥን ሂደት በማጥናቱ በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አህመድ ዘወይልም መጀመሪያ የተማረው እዚሁ አህጉራችን ላይ፣ አሌክሳንድሪያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የከሚሴ፣ የባቲና የሰንበቴ የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ የማቅለጥን ትምህርት ስትጀምሩ ተማሪዎቻችሁን አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁልኝ፦ ጉልበቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ማን ነው?