በሸክላ የተተከለ ተምበለል ሲጠወልግ

ተምበለል በአገራችን በደጋና በወይና ደጋ፥ በጫካ ዳርና በቍጥቋጦ መካከል በገዛ ራሱ የሚበቅል፥ አበባው ነጭ፥ መዓዛው እጅግ ያማረ ሐረግ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ያስሚኑም አቢሲኒኩም ብለው ስሙን በመጽሐፍ ያሳተሙት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1844 ዓ.ም. ነው፤ ትርጓሜውም የሐበሻ ጃስሚን ማለት ነው። በዘሩም ከወይራ ጋራ አንድ ወገን ነው። በዱር ሲያድግ ማንም ሳይኰተኵተውና ሳያጠጣው በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ ይወጣል። በሸክላ ተተክሎ በሰገነት በቆመ ጊዜ ግን፥ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ርቆ መሄድ፥ ከመጠን ካለፈውም ውሃ ማምለጥ ስለማይችል፥ ሕይወቱ በባለቤቱ እጅ ነው።

ዛሬ በከተማ ሰፊ ግቢ ያለውን ቤት ትቶ ወደ ፎቅ ቤት ሲዛወር፥ እናት ወይም አያት በአጥር ሥር የተከሉትን ተምበለል በሸክላ አድርጎ ይዞ የሚሄድ ቤተ ሰብ አለ። እንዲህ ያለው ተክል ቢሞት ሌላ ተምበለል መትከል ይቻላል፤ እናት በእጅዋ የተከለችው ግን ዳግመኛ አይገኝም። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፥ ሞቷል ብሎ ከመጣል በፊት ነገሩን መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ የግንዱን ቅርፊት በጥፍር ጥቂት ፋቅ አድርጎ ማየት ነው። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሐረጉ በሕይወት አለ። ደረቅ ከሆነም ወደ ሥሩ እየወረዱ መሞከር ነው፤ ላዩ ደርቆ ታቹ ሕያው የሆነ ብዙ ነውና።

በሸክላ የተተከለውን ሐረግ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ከጥማት ይልቅ የውሃ ብዛት ነው። ሥር አየር ያስፈልገዋል። አፈሩ ዘወትር በውሃ ተሞልቶ ሲኖር አየሩ ይወጣል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልምና፥ አፈሩ ጨቅይቶ ሳለ ቅጠሉ እንደ ተጠማ ሆኖ ይጠወልጋል። ባለቤቱም የተጠማ መስሎት ውሃ ይጨምርለታል፤ ባዘነለት መጠን ፈጥኖ ይሞታል። ስለዚህ የሚጠጣበት ጊዜ የሚታወቀው በቀን ቍጥር ሳይሆን በአፈሩ ሁኔታ ነው። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በአፈሩ ውስጥ አግብቶ፥ ደረቅ ሲሆን አጥግቦ ማጠጣት፥ እርጥብ ሲሆን ግን መተው ነው። በሐምሌና በነሐሴም ከሸክላው በታች ባለው ሳሕን የተጠራቀመው ውሃ ይደፋ።

ሥሩ መታመሙ በርግጥ የሚታወቀው ከሸክላው ሲወጣ ነው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ይጠቍራል፥ ይለሰልሳል፥ ክፉ ሽታም አለው። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቈርጦ መጣል፥ ቅርንጫፉንም እስከ ሲሶ ድረስ መቀነስ ይገባል፤ ጥቂት ሥር ብዙ ቅጠል ሊያጠጣ አይችልምና። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሥሩ ሳይበሰብስ በሸክላው ዙሪያ ተጠምጥሞ አፈሩን ጨርሶት ይገኛል። ይህን በዝግታ ፈታትቶ ከቀድሞው በሁለት ወይም በሦስት ጣት ብቻ ወደሚሰፋ ሸክላ ማዛወር ነው። እጅግ ትልቅ ሸክላ፥ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ስለሚቀር፥ ይጎዳዋል።

አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፥ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ፥ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ቢሆን መልካም ነው። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ለሸክላ አይሆንም። ሸክላውም ከታች ቀዳዳ ከሌለው ጠጠር ቢነጠፍበት እንኳ አይጠቅምም፤ ውሃው መውጫ የለውምና።

ከዚህ በኋላ የጧት ፀሐይ በሚያገኝበት ስፍራ ማኖር ነው። ብርሃን ያነሰው ተምበለል ቅጠሉ የሳሳ ረጅም ሐረግ ያወጣል እንጂ አያብብም። ለታመመ ሐረግ አዲስ ቅጠል ሳያወጣ ፍግ መጨመር አይገባም፤ ከዳነም በኋላ ፍግ ሲበዛበት ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። የሚወጣበትን የቀርከሃ ድጋፍ አቁሞ፥ ሐረጉን በለስላሳ ጨርቅ ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ክሽክሽ የተባለው ተባይ ሲታይበት የቅጠሉን ውስጥ በውሃ ማጠብ፥ ይህንም በየጥቂት ቀኑ መደጋገም ነው። ቅርንጫፉ የሚከረከመው አበባው ካለፈ በኋላ ነው።

አበው ካያያዝ ይቀደዳል፥ ካነጋገር ይፈረዳል ብለዋል። የተምበለልም መዳን በአያያዝ ነው፤ ይህም ብዙ ሳምንት መታገሥን ይጠይቃል። አፈሩን በጣት መመርመሩ ቀላል ሥራ ስለ ሆነ ከቤቱ ልጆች ለአንዱ ቢሰጥ ይበጃል። ልጁ ከደረቀው ግንድ አንጓ ላይ እንደ ስንዴ ቅንጣት ያለች አረንጓዴ እንቡጥ ስትወጣ ባየ ጊዜ፥ አያቱ የተከለችው ሐረግ የርሱም እንደ ሆነ ያውቃል።