ከፓስፖርቱ ግርጌ ያሉት ሁለት መስመሮች

ሆሳዕና ውስጥ ካሉት የትኬት ቢሮዎች ወደ አንዱ ግቡና ጠረጴዛውን ተመልከቱ። ኮምፒውተር አለ፣ ማተሚያ አለ፣ ሁለት ሦስት ስልክ አለ። ከነዚህ ጎን ጠርዙ የተበላ ትልቅ ደብተር ተቀምጧል። የቢሮው ሀብት ይህ ደብተር ነው። ማን መቼ ወደ ጆሃንስበርግ እንደሄደ፣ ማን የጅዳ ትኬቱን ቀን እንዳስቀየረ፣ የማን ወንድም ቀሪ ሂሳብ እንዳለበት የሚያውቀው ደብተሩና የጻፈችበት ልጅ ናቸው። ልጅቷ ሥራ የለቀቀች ዕለት የቢሮው ትዝታ ግማሹ አብሯት ይወጣል፤ የእጅ ጽሑፏን እንደ እሷ የሚያነብ ሰው የለምና።

የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌር ይህን ደብተር ይተካል። ስም፣ ስልክ፣ ጉዞና ሂሳብ ያስቀምጣል፤ ሲጠየቅ ያወጣል፤ ቀን ሲደርስ ያስታውሳል። አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ላለው ቢሮ በሥርዓት የተያዘ ኤክሴል ይበቃል። ሰፋ ላለው ደግሞ እንደ ኦዱና ሱይትሲአርኤም ያሉ፣ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች አሉ። የትኛው ይሻላል በሚለው ክርክር ሳምንት የሚያጠፉ አሉ፤ ያን ሳምንት ለሌላ ነገር ባዋሉት እላለሁ።

ይህ ሶፍትዌር ወንበር ከሚያዝበት ሥርዓት የተለየ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስና አይቢኤም ገንብተው እ.ኤ.አ. በ1964 በሙሉ አቅሙ ሥራ ላይ ያዋሉት ሳቤር፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1987 አራት የአውሮፓ አየር መንገዶች ያቋቋሙት አማዴየስ የሚጠብቁት ወንበሩን ነው። ጉዞው ካለፈ በኋላ ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥሩ የማስያዣ መለያ ከፊታቸው ይነሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ "እንደምን ከረሙ፣ ባለፈው በናይሮቢ በኩል ነበር የሄዱት" ብሎ የሚቀበለው የእናንተ መዝገብ ብቻ ነው።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የጉዞ ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾ፣ ከአንጋጫ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። ስለዚህ በቢሮው በር የሚገባው ሰው ብዙ ጊዜ ከፋዩ አይደለም። ለምሳሌ ተጓዧ እናት ናቸው፤ የሚከፍለው ደርባን ያለው ልጃቸው ነው፤ ስልክ እየደወለ የሚጨቀጭቃችሁ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ነው። ከውጭ የመጣው ፕሮግራም አንድ ደንበኛ ማለት አንድ ሰው ነው ብሎ ነው የተሠራው። ስታዘጋጁት ተጓዥን፣ ከፋይንና ተጠሪን ለየብቻ መዝግባችሁ እርስ በርስ አያይዟቸው። አለበለዚያ የመነሻ ሰዓቱ መልእክት ደርባን ይገባና እናትየው ሳይሰሙ ይቀራሉ።

የትኬት ቢሮን ከደላላ ጋር የሚያምታታ ብዙ ሰው ስላለ አንድ ቃል ልጨምር። ሰውን ለሥራ ወደ ውጭ አገር መላክ በራሱ አዋጅ የሚመራና የራሱን ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሙያ ነው። ትኬት ሻጭ ትኬት ይሸጣል። ማን መጣ፣ ምን ገዛ፣ ስንት ከፈለ የሚለው በንጹህ መዝገብ የተቀመጠለት ቢሮ ይህን ልዩነት ለጠየቀው ሁሉ ማሳየት ይችላል።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ፣ ወደ ስም ልግባ።

ብዙው ፕሮግራም ገና ሲከፈት ሁለት ሳጥን ይዘረጋል፤ አንዱ የመጀመሪያ ስም፣ ሌላው የቤተሰብ ስም ይላል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ያለው የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ሠራተኛዋ ግን ሳጥኑ ባዶ እንዳይቀር የአባትን ስም ትከትበታለች። ያኔ አንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ዘመድ ማገናኘት ይጀምራል። ባልና ሚስት አይገናኙም፤ እናትና ልጅም እንዲሁ። የሁለቱም አባት ማርቆስ የሚባል አንድ የዱራሜ መምህርና አንድ የጃጁራ ነጋዴ ግን ወንድማማች ሆነው ይወጣሉ። አንድ ቢሮ ውስጥ ይህ ደርሶ የአንዱ የቀሪ ሂሳብ ማስታወሻ ለሌላው ሲላክ በዓይኔ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለቱን ሳጥኖች አጥፉና ሦስት አድርጓቸው፤ ዝምድናን ከስም አታውጡ፣ ጠይቃችሁ መዝግቡ።

ቀጥሎ ፊደሉ ይመጣል። አንዷ ፀሐይ ስሟን በፀሐዩ ፀ ትጽፋለች፣ ሌላዋ በጸሎቱ ጸ። ኃይሉ በብዙኃኑ ኀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ ተጽፎ ይገኛል። ለጆሮ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ይዞ ገብቷልና፣ በአንዱ የተመዘገበ በሌላው ሲፈለግ "አልተገኘም" ይላል። ሠራተኛዋም አዲስ ደንበኛ ነው ብላ እንደገና ትመዘግበዋለች። በዓመት ውስጥ አንድ ሰው በሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ አንዱ ጋ ስልኩ፣ አንዱ ጋ ቀሪ ሂሳቡ፣ አንዱ ጋ ፓስፖርቱ።

አንዳንዱ ባለሙያ ይህን ለማቅለል የሁሉንም ስም በአንድ ሆሄ ቀይሮ ያስቀምጣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሰው ስሙን በንጉሡ ሠ ከጻፈ በንጉሡ ሠ ይቀመጥለት፤ አባቱ ያወጣለት ስም ነው። ከጀርባ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ አኑሩ። እዚያ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሱ፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም ይውጣ፣ ገብረ መድኅንን አንዱ ለያይቶ ሌላው ገጥሞ ይጽፈዋልና። ለፕሮግራመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በአማርኛ ለሚሠራ ቢሮ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር ሶፍትዌሩ ውስጥ የለም ብል አላጋነንኩም።

ሁለተኛው የፊደል ችግር የላቲን አጻጻፍ ነው። የግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ሀዲይሳና ከምባትኛ ግን በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ የጠበቀው ድምፅ በድርብ ይጻፋል። ስለዚህ አንድ የሆመቾ ወጣት በትምህርት ቤት ወረቀቱ ላይ ስሙ ባለ ድርብ ፊደል ይሆንና፣ ከአማርኛው በተገለበጠው ፓስፖርቱ ላይ ነጠላ ይሆናል። ሁለቱም የእሱ ስም ነው። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ የፓስፖርቱ።

ከፓስፖርቱስ የት? ብዙው ሠራተኛ ከፎቶው ጎን ያለውን ያነባል። እኔ የምለው ከግርጌው ነው። ከፎቶው ገጽ ታች፣ ማንም ልብ የማይላቸው፣ በቀስት ጫፍ መሰል ምልክቶች የተሞሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ 9303 በሚባለው ደንቡ የወሰናቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለው። በመጀመሪያው መስመር የሰነዱ ዓይነትና የአገሩ መለያ 5 ቦታ ይይዛሉ፤ የቀረው 39 የስም ነው። መጀመሪያ እንደ ቤተሰብ ስም የተወሰደው ይመጣል፣ ከዚያ ሁለት የቀስት ጫፍ፣ ከዚያ የቀሩት ስሞች። የትኛው ስም በየትኛው ሳጥን ይግባ የሚለው ክርክር እዚያው ተፈትቷል፤ ሁለቱ የቀስት ጫፎች ድንበሩን አስምረውታል። ለዚህ አራተኛ ሳጥን ክፈቱና እንዳለ ገልብጡት።

በሁለተኛው መስመር ያለው ጥበብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከፓስፖርት ቁጥሩ፣ ከልደት ቀኑና ከማብቂያ ቀኑ ኋላ አንዳንድ ብቸኛ አኃዝ ተቀምጧል፤ ዘበኛ ነው። አሠራሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1990 የተወለደ ሰው ልደቱ 900315 ተብሎ ይጻፋል። አኃዞቹ በተራ በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 ይባዛሉ፤ 63፣ 0፣ 0፣ 21፣ 3 እና 5 ይሆናሉ። ድምሩ 92 ነው፤ ለ10 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ዘበኛው 2 ነው። ሠራተኛዋ ተሳስታ 900351 ብትጽፍ ድምሩ 100 ይሆንና ቀሪው 0 ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ወዲያው "ይህ ልደት ልክ አይደለም" ይላል። እንደ 0 እና 5 ያሉ ልዩነታቸው 5 የሆነ ጎረቤት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ያመልጡታል እንጂ፣ አንድ አኃዝ ብቻ ከተሳሳተ ግን አያልፈውም። ይህን ስሌት በኤክሴል እንኳ ማስገባት ይቻላል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዘበኛው የሚጠብቀው ሁለተኛውን መስመር ነው። የመጀመሪያው መስመር፣ የስሙ መስመር፣ ዘበኛ የለውም። ቁጥር ቢሳሳት ማሽኑ ይጮኻል፤ ስም ቢሳሳት ዝም ይላል። ትኬት ደግሞ ከአንድ ሰው ስም ወደ ሌላ ሰው ስም አይዛወርም። ስለዚህ ስሙን አንድ ሰው ይጻፈው፣ ሌላ ሰው ከፓስፖርቱ ግርጌ ፊደል በፊደል ያንብበው። ፕሮግራሙ የሁለተኛው ሰው ማረጋገጫ ሳይገባ ወደ ክፍያ እንዳይሄድ አድርጋችሁ አዘጋጁት።

አንድ ጊዜ አንድ የፎንቆ አዛውንት ትኬታቸውን ይዘው ተመለሱ። የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸው፣ ስማቸው መጨረሻ ላይ የማያውቋቸው ሁለት ፊደላት ተለጥፈው አገኙ። "ልጄ፣ አባቴ እንዲህ ያለ ስም አላወጣልኝም" አሉኝ። ፊደላቱ በእንግሊዝኛ "አቶ" ማለት ናቸው፤ የማስያዣ ሥርዓቱ ከስም ጋር አጣብቆ ይጽፋቸዋል። አስረዳኋቸውና ረክተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በማዘጋጃቸው መዝገቦች ሁሉ ለደንበኛው የሚታተመው ወረቀት ላይ ይህን የሚያብራራ አንድ መስመር በአማርኛ አስገባለሁ።

የልደት ቀንን በሁለት አቆጣጠር ያዙ፤ አንዱ ከፓስፖርቱ በፈረንጁ፣ አንዱ ሰውየው እንደነገራችሁ በኛ። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ሳጥን የጳጉሜን ልጅ ወደ ነሐሴ ይገፋዋል።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። የደንበኞቻችሁን ፓስፖርት ፎቶ እያነሳችሁ በቴሌግራም ግሩፕ የምትለጥፉ፣ ተዉ። ያ ገጽ የሰውየው ስም፣ ልደት፣ መልክና ቁጥር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ባይኖርስ፣ የጎረቤታችሁን እናት ፓስፖርት ሃያ ሰው ስልክ ላይ ምን ያደርሰዋል? ፎቶው መዝገቡ ውስጥ ይቀመጥ፤ ማየት የሚችለው ጉዳዩን የያዘው ሰው ብቻ ይሁን፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ይሰረዝ። የመዝገቡ ቅጂ ደግሞ ማታ ማታ ከቢሮው ውጭ ወደሚቀመጥ ቦታ ይሂድ፤ መብራት የሚሄድበት አገር ነው።

አሮጌውን ደብተር ስትገለብጡ ከመጨረሻው ገጽ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ዛሬ የሚደውለው ደንበኛ ያለው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው።

የቀረው የማስታወሻ መልእክቱ ነው። ትኬቱ "ማክሰኞ 00:30" ይላል። ሰዓቱን በስድስት ቀይሮ 6:30 ማድረግ ቀላል ነው፤ ሰው የሚስተው ቀኑን ነው። የፈረንጁ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምራል፤ የኛ ሰው ግን "ማክሰኞ ሌሊት" ሲባል ማክሰኞ ውሎ አምሽቶ የሚመጣውን ሌሊት ያስባል። ከሆሳዕና ወደ 230 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ቦሌ የደረሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለው፤ አጥቢያ። ፕሮግራሙ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን በረራ ሁሉ በዚህ ቃል እንዲጽፍ አድርጉት፤ ከአውሮፕላኑ መነሻ ሰዓት ይልቅ ቦሌ የሚደረስበት ሰዓት ይቅደም፤ መልእክቱም ወደ ተጓዧ ስልክ ይሂድ፦

"እማማ፣ ሰኞ ማታ በ3 ሰዓት ቦሌ ይገኙ። አውሮፕላኑ የሚነሳው ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ሰኞ ጠዋት ከሆሳዕና ይነሱ። ፓስፖርትዎን ይያዙ።"