የዘበኛው መዝገብና የፋየርዎሉ መዝገብ

ባለፈው ዓመት አንድ የግል ኩባንያ ላቋቋመው የውስጥ አጣሪ ኮሚቴ «ሕግ የሚያውቅ ሰው ይግባበት» ብሎ ጠራኝ። ኩባንያው አንድ ትልቅ ጨረታ በጥቂት ብር ልዩነት ተሸንፏል። ልዩነቱ በጣም ጠባብ ስለነበር «ዋጋችን አስቀድሞ ወጥቷል» የሚለው ጥርጣሬ ሥራ አስኪያጁን እንቅልፍ ነስቶታል። የኮምፒዩተር ክፍሉ ወጣት ባለሙያም ከፋየርዎሉ ያተመውን ስድስት ገጽ ወረቀት ይዞ ቀረበ። ጨረታው ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሌሊት፣ የዋጋ ዝርዝሩ ከሚዘጋጅበት ክፍል ኮምፒዩተር ወደ አንድ የውጭ አገር አድራሻ ብዛት ያለው መረጃ ወጥቷል። ሰዓቱ 23:14 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ14 ደቂቃ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት በክፍሉ የነበረው አንድ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ፣ የሦስት ልጆች አባት። እኔ ስደርስ የስንብት ደብዳቤው ተተይቦ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር።

የሕግ ሰው በኮምፒዩተር ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማስረጃ ነገር ነው።

ፋየርዎል በእኛ ቋንቋ ኬላ ነው። ከኢንተርኔት ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ ከመሥሪያ ቤቱም ወደ ኢንተርኔት የሚያልፈው ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። እርሱም በተሰጠው ደንብ መሠረት አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይመልሳል። ካሳለፈ ወይም ከመለሰ በኋላ አንዲት መስመር ይጽፋል፤ ቀንና ሰዓት፣ ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ፣ ወደ የትኛው እንደሄደ፣ በየትኛው በር እንዳለፈ፣ በየትኛው ደንብ እንደተፈቀደለት፣ ምን ያህል መረጃ እንደጫነ። ባለሙያዎቹ «ሎግ» የሚሉት ይህን መዝገብ ነው። ሎጉ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ፖስታውን ነው፤ በውስጡ ያለውን ደብዳቤ አይደለም። በዚህም የተነሳ ያ ስድስት ገጽ «የዋጋ ዝርዝሩ ወጣ» አይልም ነበር፤ የሚለው «ብዙ ነገር ወጣ» ብቻ ነው። ኮሚቴው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ነበር ያነበበው።

ወረቀቱን ወደ ቤቴ ወስጄ ማታ ሳገላብጥ አንድ ነገር አላስችል አለኝ። በሚቀጥለው ቀን ጠዋት የክፍሉ ኮምፒዩተሮች በሙሉ ሥራ የጀመሩት 05:30 ገደማ ላይ ነው። በእኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል! የትኛው የአዲስ አበባ ሠራተኛ ነው በዚያ ሰዓት ቢሮ ገብቶ ኮምፒዩተር የሚከፍተው? ጠዋት ወጣቱን ጠርቼ ጠየቅሁት። ጥቂት ሲያስብ ቆየና «ጋሼ፣ መሣሪያው ሲገዛ በነበረበት ሰዓት ላይ ነው ያለው፤ ማንም አላስተካከለውም» አለኝ። መሣሪያው የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። የእኛ አገር ሰዓት ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ 05:30 የተባለው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ የሥራ መግቢያ ሰዓት ነው። 23:14 የተባለውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው።

ከዚያ በር ላይ ወዳሉት ዘበኛ ሄድን። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ መዝገባቸው ጥግ ጥጉ የተበላ ደብተር ነው። የዚያን ሌሊት ገጽ ሲገልጡልን የፈረቃው ሠራተኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ እንደወጣ በእጅ ጽሑፋቸው ሰፍሯል፤ ሰውዬውም ፈርሞበታል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የዘበኛው ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ የፋየርዎሉ ቀን የሚለወጠው በእርሱ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ የግድግዳው የፈረንጅ ካላንደር ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተለውጧል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሌሊት ነበር ማለት ነው። ደብዳቤው ተቀደደ።

ሰውዬውን ያዳነው የመሣሪያው ትክክለኛነት አይደለም። በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቦታ የተጻፈ ሁለተኛ መዝገብ መኖሩ ነው። በቃላት ምስክር ሕግ የተማርን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ሁለት ምስክር የሚጠቅመው እርስ በርስ ካልተመካከሩ ነው።

ታዲያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ላይ በዚያ ኮምፒዩተር የሠራው ማነው? ከውጭ በኢንተርኔት የገባ ሰው ነበር ወይ? ይህን ሊመልስ የሚችለው ከውጭ ወደ ውስጥ የገባው መዝገብ ነው። ወጣቱ ያተመው ግን ወደ ውጭ የወጣውን ብቻ ነበር። ዋናውን እንይ ስንለው ራሱን ነቀነቀ። የመሣሪያው ማከማቻ ትንሽ ስለሆነ ከ12 ቀን ያህል በኋላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። እኛ የተሰበሰብነው በወሩ ነው።

ሎግን ወደ ማዕከላዊ የደኅንነት መቆጣጠሪያ መላክ የሚባለው ነገር መልስ የሚሰጠው ለዚህ ችግር ነው። ፋየርዎሉ እያንዳንዷን መስመር እንደጻፈ ወዲያው ቅጂዋን ወደ ሌላ ማሽን ይልካል። ያ ማሽን የፋየርዎሉን ብቻ ሳይሆን የሰርቨሮችን፣ የኢሜይሉን፣ የሠራተኛ መግቢያ የይለፍ ቃሎችን መዝገብ ጭምር ይቀበላል፤ በአንድ ሰዓት አቆጣጠር ይደረድራል፤ እርስ በርስ ያስተያያል፤ አጠራጣሪ ነገር ሲያይ ይጮኻል። ዓይነቱ በምህጻረ ቃል «ሲየም» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት ተንታኞች ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2005 ነው። ፋየርዎሉን የሰበረ ሌባ ፋየርዎሉ ላይ ያለውን መዝገብ መደምሰስ ይችላል። ሌላ ቤት የተቀመጠውን ግን ለመደምሰስ ሌላ ቤት መስበር አለበት።

መዝገብ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለማየት የባንግላዴሽን ማዕከላዊ ባንክ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2016፣ ሐሙስ ማታ፣ ሰርጎ ገቦች በባንኩ ስም 35 የክፍያ ትዕዛዞችን ወደ ኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ላኩ። ድምሩ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። አምስቱ አልፈው 101 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፤ ወደ ስሪላንካ የሄደው 20 ሚሊዮን ሲመለስ 81 ሚሊዮኑ ማኒላ ገባ። ቀኑ የተመረጠው በብልሃት ነው። ዓርብና ቅዳሜ ዳካ ያርፋል፣ ቅዳሜና እሑድ ኒውዮርክ ያርፋል፣ ሰኞ ደግሞ ማኒላ የቻይናውያንን አዲስ ዓመት ታከብራለች። ባንኩ ክፍያዎቹን በወረቀት የሚያወጣ ማተሚያ ነበረው፤ ሌቦቹ ይህም እንዳይሠራ አድርገው በሲስተሙ ውስጥ የነበረውን ዱካ ሰርዘዋል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሮይተርስ የአገሪቱን የፖሊስ መርማሪ ጠቅሶ እንደዘገበው ባንኩ ፋየርዎል አልነበረውም፤ ኮምፒዩተሮቹን ያገናኘውም በአሥር ዶላር በተገዛ አሮጌ መሣሪያ ነበር። መርማሪው በተለይ ያዘኑበት ነገር፣ በዚህ የተነሳ ሌቦቹ ምን እንዳደረጉና ከየት እንደመጡ መከታተል አስቸጋሪ መሆኑ ነው። የባንኩ ገዥ በመጋቢት ሥልጣን ለቀቁ።

ወደ አሠራሩ ልመለስ። መዝገቡ የሚላክበት የቆየው መንገድ «ሲስሎግ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለኢሜይል ሥራ ተብሎ የተጀመረ ነው። ቀላልነቱ አስወድዶታል፤ ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። በተለምዶ የሚላከው ፖርት 514 በሚባለው በር፣ ዩ.ዲ.ፒ. በተባለው ስልት ነው። ይህ ስልት መጥሪያን በአጥር ላይ ወርውሮ እንደመሄድ ያለ ነው፤ ተቀባዩ ይድረሰው አይድረሰው ላኪው አይጠይቅም። መንገዱ ሲጨናነቅ መስመሮች ይጠፋሉ፤ መጥፋታቸውን የሚናገርም የለም። በመንገድ ላይ የተቀመጠ ሰውም ማንበብ ይችላል። ቲ.ኤል.ኤስ. በሚባለው ምስጢራዊ መንገድ፣ በፖርት 6514 ሲላክ ግን ተቀባዩ ማንነቱን ያስመሰክራል፣ ይዘቱም በመንገድ ላይ አይነበብም። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ የአሮጌው ሲስሎግ የሰዓት አጻጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በጽሑፍ በሰፈረው ቅርጽ ወር፣ ቀንና ሰዓት እንጂ ዓመተ ምሕረትም ሆነ የሰዓት ክልል የለበትም! ዓመተ ምሕረት የሌለው ውል ይዞ ፍርድ ቤት የሚመጣ ጠበቃ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አዲሱ ደንብ ይህን አስተካክሏል። ሆኖም በአሮጌው ቅርጽ የሚልኩ መሣሪያዎች ዛሬም አሉ፤ የገዛችሁት የትኛውን እንደሚልክ ሻጩን መጠየቅ አያሳፍርም።

ምን ይላክ የሚለው ላይ ብዙ መሥሪያ ቤት ይሳሳታል። ቦታና ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ፋየርዎሉ የከለከለውን ብቻ ይልካሉ። የመለሰውን ሰው ብቻ የሚመዘግብ ዘበኛ ግን ምን ይጠቅማል? ዕቃ ይዞ የወጣው እኮ የተፈቀደለት ነው። የኛም 23:14 በፋየርዎሉ ደንብ የተፈቀደ ጉዞ ነበር። ሌላው የሚዘነጋው የራሳቸው የአስተዳዳሪዎቹ ሥራ ነው፤ ማን ገብቶ ደንቡን ለወጠ፣ ማን መዝገቡን አጠፋ የሚለው ከሁሉ በፊት መላክ አለበት። ፋየርዎሉ ድንገት ዝም ካለም ማዕከሉ ዝምታውን እንደ ጩኸት መቁጠር ይኖርበታል።

ወጪው ቀላል አይደለም። እንደ ዋዙህ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ቢኖሩም ማከማቻውና ባለሙያው በነፃ አይገኙም። ጩኸቱን የሚሰማ ሰው ከሌለ ደግሞ ገንዘቡ ባከነ። እ.ኤ.አ. በ2013 ታርጌት የተባለው የአሜሪካ መደብር የ40 ሚሊዮን ደንበኞች የክፍያ ካርድ ሲሰረቅበት መሣሪያው አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር።

በሕጋችንም ነገሩ ቦታ አለው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የኤሌክትሮኒክስ ማስረጃ የሚያቀርብ ወገንም ማስረጃው እውነተኛ መሆኑን የማስረዳት ሸክም አለበት። ያ ስድስት ገጽ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቢሆን «ማን አተመው? ዋናው የት አለ? ሰዓቱ የየት አገር ነው?» ተብሎ በተጠየቀ ነበር፤ ሦስቱም ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ወጣቱ ባለሙያ ሲሰማው ፊቱን አጨፈገገ። ማዕከላዊው መዝገብ የትኛው ሠራተኛ በየትኛው ሰዓት የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘ ያሳያል። ሕመሙን የሚያነብ፣ ሥራ የሚያፈላልግ ሁሉ እዚያ አለ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ ይህ የአለቃ የግል ንባብ ሊሆን አይችልም። ማን ያየዋል፣ ለምን ዓላማ፣ መቼ ይጠፋል የሚለው በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ሠራተኛውም ይወቀው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን ሁለት ተቀበሉ፤ ሦስተኛው ላይ ገና እየተከራከርን ነው።

አሁን የኩባንያው መዝገብ በሌላ ሕንፃ ወዳለ ማሽን ይሄዳል፤ ሰዓቱም ተስተካክሏል። የማታ ፈረቃው ሠራተኛ በሥራው ላይ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ እንደጠየቁት ግን አልሰማሁም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ያን ኮምፒዩተር ያዘዘው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።