ለትምህርት ቤቶች የሚሸጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንዴት ይመዘናል?

ትምህርት ቤቶች ትምህርትን፣ የቤት ሥራንና ፈተናን በኢንተርኔት የሚያከናውኑበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም በዛሬው ጊዜ እንደ ማናቸውም የንግድ ዕቃ ለገበያ ይቀርባል። ስለዚህ ገዥውም ሆነ ሻጩ ዕቃውን በሦስት ነገር መመዘን ይገባዋል።

አንደኛው ዋጋው ነው። በአውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ የተጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሙድል የተባለው ፕሮግራም የፈቃድ ዋጋ አይጠየቅበትም። ነገር ግን የሚቀመጥበት ሰርቨር፣ የሚጠብቀው ባለሙያና የመምህራኑ ሥልጠና ገንዘብ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጉግል ክላስሩም በበኩሉ ሰርቨር አያስገዛም፤ ሆኖም መዝገቡ የሚቀመጠው በኩባንያው ዘንድ ነው።

ሁለተኛው አገልግሎቱ ነው። የኢንተርኔቱ መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ ተማሪው ትምህርቱን አስቀድሞ በስልኩ አውርዶ ሊያነበው ካልቻለ፣ ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን አይጠቅምም። የሙድል የስልክ ፕሮግራም ይህን ያስችላል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግን መውጫው ነው። ውሉ በሚያበቃበት ጊዜ የተማሪዎቹ ውጤትና መምህራኑ ያዘጋጁት ትምህርት ወደ ሌላ ፕሮግራም ሊዛወር የማይችል ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ሻጩ በጠየቀው ዋጋ ለመቀጠል ይገደዳል።

ስለሆነም አስተዋይ ገዥ ውል ከመፈረሙ በፊት ፕሮግራሙን በአንድ ክፍል ለአንድ መንፈቅ ይሞክራል፤ መዝገቡንም አውጥቶ በሌላ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ነጋዴውም የሥልጠናውንና የጥገናውን ወጪ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ለይቶ ቢያሳይ፣ ከአንድ ጊዜ ትርፍ የሚበልጠውን የደንበኛውን እምነት ያገኛል።