ካርዱ የሚለውና ወላጅ ሊሰማው የሚገባው

ሰኔ 30 ተማሪዎች የዓመት ውጤታቸውን የሚቀበሉበት ቀን ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም የገጠር ቀበሌዎች ልጁ ካርዱን ይዞ ቤቱ ሲደርስ የሚቀርብለት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አይበልጥም፤ «አለፍህ?» እና «ስንተኛ ወጣህ?»። ካርዱ ለሁለቱም መልስ አለው። ልጁ በክፍሉ ደረጃ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ይችል እንደሆነ ግን ካርዱ በቀጥታ የሚናገረው ነገር የለም።

ካርዱ በአንድ ወገን የትምህርት ዓይነቶችን ይዘረዝራል፤ በአንጻራቸው የመጀመሪያውና የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ውጤት፣ አማካዩ፣ ደረጃው፣ ጠባይና ከትምህርት የቀረበት ቀን ይሞላበታል። የክፍል ኃላፊው መምህርና ርእሰ መምህሩ ይፈርሙበታል፤ ለወላጅም የፊርማ ቦታ አለው። ከመቶ የሚሰጠው ነጥብ በየጊዜው ከሚሰጡ አጫጭር ፈተናዎች፣ ከቤት ሥራ፣ ከቡድን ሥራና ከማጠቃለያ ፈተና ተደምሮ የሚገኝ ነው። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ይህ ሥርዓት በሐሳቡ መልካም ነው፤ መምህሩ የልጁን ድክመት ዓመቱ ሳያልቅ እንዲያየው ይረዳዋል። ነገር ግን የቡድን ሥራ ነጥብ ለሠራውም ላልሠራውም እኩል ሲታደል፣ የደብተር ንጽሕናም እንደ ዕውቀት ሲቆጠር፣ 65 የሚለው ቁጥር በውስጡ ምን እንደያዘ ከመምህሩ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። ደረጃም እንዲሁ ነው። ከ60 ልጆች 3ኛ መውጣት ከ57 ጓደኞች መብለጥን ይናገራል፤ ክፍሉ በሙሉ ከሚጠበቅበት በታች ከሆነ ግን 3ኛነቱ ለልጁ የሚፈይድለት ነገር የለም።

ይህ ከባዶ የመነጨ ስጋት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታገዙ፣ ክፍል ሳይደግሙ እንዲዛወሩ ተደርጎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ካርዳቸው ግን «ተዛውሯል» ይላል። ከዓመታት በኋላ፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ለውጤቱ ማነስ ብዙ ምክንያት አለው፤ ጦርነቱም ወረርሽኙም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ይሁንና እነዚያ ወጣቶች በየዓመቱ ካርድ እየተቀበሉ ከክፍል ወደ ክፍል የተሸጋገሩ ናቸው። ብዙ ወላጆች ልጃቸው የጎደለውን ነገር መጀመሪያ የሰሙት ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ ነው።

ያልተማረ ወላጅ የልጁን ትምህርት መከታተል አይችልም የሚሉ አሉ። የጎጃም ልማድ ግን ይህን አይመሰክርም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ለይቶ፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ከዚያም ወንጌሉን አልፎ ዳዊት ይደርሳል። በንባቡም ከቁጥር ወደ ግእዝ፣ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ ይሸጋገራል። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ስምና የራሱ ድምፅ ስላለው፣ ፊደል ያልቆጠረ አባት እንኳ ልጁ በየኔታ ፊት ሲያነብ ሰምቶ የት እንደደረሰ ይለያል። ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ይደግሳሉ፤ መንደሩም ያውቃል። እንደ ዋሸራ ባሉት የቅኔ ጉባኤያትም ቢሆን ተማሪው ጉባኤ ቃና ላይ ነው፣ ዘአምላኪየ ደርሷል፣ መወድስ ጀምሯል ሲባል ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነው። ይህን ማንሣታችን የድሮውን ዱላና የቆሎ ተማሪውን ረኃብ ለማወደስ አይደለም። ተማሪው የደረሰበት እርከን በጆሮ የሚሰማ፣ በስሙም የሚጠራ እንደነበር ለማስታወስ ነው።

ዘመናዊው ትምህርትም እርከን አላጣም። ሥርዓተ ትምህርቱ ለየክፍሉና ለየትምህርቱ «ዝቅተኛ የመማር ብቃት» ብሎ የሚያስቀምጠው መመዘኛ አለው። ችግሩ ይህ መመዘኛ ከመምህሩ መምሪያ ወጥቶ ወላጅ ዘንድ አለመድረሱ ነው። መምህሩ በጥቅምት ወር ወላጆችን ሰብስቦ፣ «በዚህ ዓመት መጨረሻ ልጃችሁ አጭር ታሪክ ጮክ ብሎ አንብቦ የተፈጸመውን በራሱ ቃል ይነግራችኋል፤ ሁለት ኩንታል በቆሎ በዚህ ዋጋ ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ አስልቶ ይጽፍላችኋል» ቢላቸው፣ ፊርማቸውን በጣት የሚያኖሩትም ሳይቀሩ እቤታቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የእድሩ መዝገብ፣ የሕፃኑ የክትባት ካርድ ሁሉ መፈተኛ ይሆናል። እናት ከአባት ይልቅ ከልጁ ጋር ብዙ ሰዓት ስለምትውል ጥሪው ለእርሷም በስሟ ሊደርስ ይገባል።

የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት፣ በተለምዶ ወተመህ የሚባለው፣ ከቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ጋር ይህን ግንኙነት እንዲያገለግል የተቋቋመ ነው። በተግባር ግን ስብሰባው ስለ አጥር፣ ስለ ጥበቃ ደመወዝና ስለ መማሪያ ክፍል ግንባታ መዋጮ ሲያወራ ይመሻል። ወላጅም «ትምህርት ቤት ጠራኝ» ሲባል እጁን ወደ ኪሱ መስደዱ የሚያስወቅሰው አይሆንም። የውጤት ጉዳይ በአጀንዳው መጀመሪያ ቢቀመጥ፣ መዋጮውም ቢሆን በተሻለ ልብ ይሰጥ ነበር።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ተማሪዎች በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት የሚላክላቸውን ስንቅ እየጠበቁ ይማራሉ። ወላጅ ከተማ የሚገባው ለገበያ ነው፤ የትምህርት ቤቱንም ደጃፍ ሳይረግጥ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ተማሪ የሩቅ ዘመድ ወይም አከራዩን፣ አንዳንዴም ከመንገድ የለመነውን ሰው ይዞ መቅረቡ በየከተማው የታወቀ ብልሃት ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ወላጆችን በገበያ ቀን ረፋድ ላይ ቢቀጥር፣ በምዝገባ ጊዜም የወላጅን የስልክ ቁጥር ከተማሪው አፍ ሳይሆን ከራሱ ከወላጁ ተቀብሎ ቢይዝ ብዙው ተንኮል ይከሽፋል። ካርዱ ላይ ችላ የሚባለው «የቀረበት ቀን» የሚለው መስመርም በስልክ ሊነገር የሚገባው በየወሩ ነው። በአጨዳና በበርበሬ ለቀማ ወቅት የሚበዛው መቅረት፣ በተለይም ለጋብቻ የታጨች ልጅ መቅረት፣ ሰኔ ላይ ቢነበብ የሚመልሰው ነገር የለም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መክረማቸው ጉዳዩን አጣዳፊ አድርጎታል። ልጁ ከትምህርት በራቀበት ጊዜ ምን እንደረሳ የቀድሞ ካርዱ አይናገርም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ በወላጁ ፊት ጥቂት መስመር ቢያስነብበውና ሁለት ሦስት ስሌት ቢያሠራው፣ ወላጁ ልጁ ከየትኛው ክፍል ትምህርት እንደሚጀምር አይቶ ይስማማል፤ ወደ ኋላ መመለስ ቢያስፈልግም እንደ ቅጣት አይቆጥረውም።

ወላጅም በበኩሉ የሰኔውን ካርድ መጠበቅ የለበትም። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት ጥር መጨረሻ ላይ ይታወቃል። ያን ጊዜ መምህሩን «ልጄ የትኛውን ትምህርት አልያዘም? እስከ መቼ ሊይዘው ይችላል? እኔስ ከየትኛው ሥራ ላሳርፈው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ለማካካሻ ትምህርት የሚሆኑ አራት ወራት አሉ።