ከምርቃናው ጀርባ ያለው ልጅ

ይህ አምድ ዘወትር የሚያወራችሁ ስለሚበላው ነገር ነው። ዛሬ ደግሞ መብላትን ስለሚያስጠላው እናወራለን።

«ልጄን ምን ነካብኝ? ምሳውን ገፍቶ ይነሳል፣ ሌሊቱን ዓይኑን እንዳፈጠጠ ያድራል፣ ሲነጋ ሰው አያናግርም።» ይህን የእናት ጥያቄ ያልሰማ ኡስታዝም ሆነ የጤና ባለሙያ በከተሞቻችን ያለ አይመስለንም። ከጎረቤት የሚሰጠው መልስም የታወቀ ነው፤ «ጓደኛ አበላሸው!» ይባላል። መልሱ ሐሰት ነው አንልም። ግን ጎደሎ ነው። ያ ጓደኛ የተባለው ልጅ ቤት ብንሄድ እናቱ ስለኛ ልጅ ያንኑ እያለች እናገኛታለን።

እስኪ አንድ የ16 ዓመት ልጅ እናስብ። እናቱ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው። ገንዘብ በየወሩ ይላካል፣ ጫማውም ስልኩም ከእኩዮቹ አያንስም። ሲከፋው ግን የሚነግረው ሰው የለም። ለአያቱ ቢናገር «እናትህ ለማን ብላ ነው የምትንከራተተው? አላህን አመስግን!» ይባላል። ለእናቱ እንዳይናገር በስልክ የሚሰማው ድምጿ ራሱ የደከመ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሦስት አራት ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጡታል፣ ቅጠል ቀንጥሰው ያቀብሉታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አፉ ይፈታል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቱ ያወራል፤ ልጆቹም ያዳምጡታል። በማግስቱ ወደዚያች ክፍል የሚመልሰው የጫቱ ጣዕም እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ጫት መራራ ነውና።

ልጁን በምናብ ነው የሣልነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት የሚከብድ ይመስለናል።

ቅጠሉ በአካል ውስጥ የሚሠራውን ማወቅም ይጠቅማል። በእርጥብ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ለይቶ ያወጣው በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ አሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ተለውጦ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በመኪና እየበረረ የሚጓጓዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን የደስታ መልእክተኛ ያበዛል። ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ረሃብ ይጠፋል፣ ወሬው ይጣፍጣል፤ ምርቃና የምንለው ይህንን ነው። ከዚያ የመውረጃው ሰዓት ይመጣል። ሐሳብ፣ ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እንቅልፉ ሲመጣም የሚያስፈራ ሕልም። ቃሚዎች ዱካክ ይሉታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጁ መጀመሪያ የሸሸው ሐዘኑን ነበር። ጫቱ ለጥቂት ሰዓት ያርቅለትና ማታ አብዝቶ ይመልስለታል። በማግስቱ ከትናንቱ የበለጠ ከፍቶት ስለሚነሳ ወደ ክፍሏ የሚወስደው ምክንያትም በዚያው መጠን ይበረታል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ደስታን የሚፈልገው የአንጎል ክፍል ሥራውን ቀድሞ ይጀምራል፤ ልጓም የሚይዘውና መዘዝ የሚያመዛዝነው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት አካባቢ እያደገ ይቆያል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሞኝ ነህ?» ብሎ መጮህ ያልበሰለውን ለምን አልበሰልክም እንደማለት ነው። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብለው ወደ መጠጥ የሚሄዱ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን የሚውጡም አሉ። በቤቱ መጠጥ ገብቶ የማያውቅ የሙስሊም ልጅ አልኮልን የሚያውቀው አንዳንዴ በዚህ በኩል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ ቅር የሚለው አባት ካለ አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከጁምዓ በኋላ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ዕጣን ጨሶ፣ አባት ከወዳጆቹ ጋር በርጫ ሲይዝ እያየ ያደገ ልጅ ምን ተማረ? ትልቅ ሰው ሲደክመው፣ ሲጨንቀው፣ ወዳጅ ሲፈልግ መፍትሔው ይህ እንደሆነ ተምሯል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ልጁን ራሱን ወደ ጫት ተራ ይልካል። ገራባውን ሲጠርግ አንዷን ቅጠል ወደ አፉ ጣል የሚያደርግ ሕፃን ስናይ እንስቃለን። በአንዳንድ አካባቢዎች ጫት ከዱዓ መቀመጫ ጋር ተያይዞ መቆየቱንም እናውቃለን። የሸሪዓውን ብያኔ ለዑለሞቻችን እንተዋለን፤ የጤና አምድ ሊለው የሚችለው አባቱ ቅሞም ይሁን ዱዓ አድርጎበት፣ የ15 ዓመቱ ልጅ ልብና እንቅልፍ ልዩነቱን እንደማያውቀው ነው። ሲጋራም ከዚህ አይለይም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ትምባሆም ሆነ አልኮል ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አይሸጥም፤ ሺሻም ተከልክሏል። «ሂድ አንድ ሲጋራ ይዘህልኝ ና» የሚል አባት ባለሱቁን ሕግ እያስጣሰ መሆኑን ይወቅ።

ሌላው ጭንቀት ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ቁጥር የሰማ ልጅ ቢፈራ ምን ይገርማል? «ለጥናት» ተብሎ የሚጀመር ጫት ከዚህ ፍርሃት ይወለዳል። ሌሊቱን ሙሉ ገጽ ሲገልጥ ያደረ ልጅ ብዙ ያጠና ይመስለዋል። ይሁን እንጂ አንጎል የተማረውን አደራጅቶ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ለዚህ ዕድሜ ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ያላንቀላፋ ልጅ በጆንያ ቀዳዳ እህል እንደሚያፈስ ሰው ነው። በረመዷን ከተራዊሕ በኋላ እስከ ሱሑር ቅሞ ቀኑን በእንቅልፍ የሚያሳልፍ ወጣትም በመግሪብ ምግቡ ፊት ለፊቱ ቀርቦ አይበላለትም፤ አጥንትና ጡንቻ በሚገነባበት ዕድሜ ወሩን ሙሉ በሻይና በለስላሳ ይከርማል።

እናት ምን ታድርግ? ኪስ ከመፈተሿ በፊት የምትጠይቅበትን ሰዓት ትምረጥ። በመረቀነበት ሰዓት ወይም በዱካኩ ማለዳ የሚደረግ ምክር ከጠብ አያልፍም። አብሮ ገበያ ሲኬድ፣ ልብስ ሲታጠፍ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ማውራት ለዚህ ዕድሜ ይቀላል። «ሰሞኑን ደክሞህ አይሃለሁ የኔ ልጅ፣ ምን ሆንክብኝ?» ብሎ ዝም ማለት። ዝምታው ነው የሚከብደው፤ እኛ ወላጆች ጠይቀን መልሱንም ራሳችን እንሰጣለን። ልጁ «ምንም» ቢል ሌላ ቀን ይደገማል። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶችም ስልክ ስትደውሉ ስለ ውጤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ከማን ጋር እንደዋለ፣ ምን እንዳሳቀው ጠይቁት።

የመስጂዳችን ጀመዓም ድርሻ አለው። የቃመ ልጅ ዒሻእ ላይ ሲገባ ሰፉ ሁሉ ዞሮ ቢያየው በሚቀጥለው ቀን አይመጣም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ፣ በመጠጥ ምክንያት ተደጋግሞ ለቅጣት የቀረበን ሰው አንዱ ሲረግመው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርግማኑን ከልክለው ሰውዬው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መስክረውለታል። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ሰዓት የበርጫ ሰዓት መሆኑን እያወቅን፣ በዚያ ሰዓት ለወጣቶች የኳስ ሜዳ ወይም የማጠናከሪያ ትምህርት ያዘጋጀ መስጂድ ስንት ነው?

ልጁ ለማቆም ሲወስን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዱታል። ሀራራው ይነሳበታል፣ ይደክመዋል፣ ብዙ ይተኛል፣ ይነጫነጫል። ይህ ሰነፍነት አይደለም፤ አካሉ የራሱን ሚዛን እየፈለገ ነው። ይተኛ። የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሙዝና ብዙ ውኃ ከፊቱ ይቅረብ፤ ቡና ከቀትር በኋላ ይቅርበት። እርሱ እያቆመ አባት በዚያው ቤት የሚቅም ከሆነ ግን ልፋቱ ከንቱ እንዳይሆን እንሰጋለን።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ድምፅ እሰማለሁ ካለ፣ ሰዎች ያሳድዱኛል ካለ፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ሞትን ያነሳ ልጅ ብቻውን አይተው። በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ነርሶች አሉ፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። «ሰው ቢያየንስ?» የሚለው ፍርሃት ይገባናል፤ ሐኪሙ ግን ምስጢር ጠባቂ ነው። ሩቃው እንደሆነ አብሮ ይቀራለት፣ ዱዓም ይደረግለት፤ ሕክምናውን ግን አይተካው። ሐኪሙ ስለሚቅመው መጠን፣ ስለጀመረበት ጊዜ፣ ስለሚጨምርበት መጠጥና ኪኒን ሲጠይቅ ልጁ ራሱ እንዲመልስ ይተውለት። ወላጅም ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ሆኖ ይጠብቅ፤ ልጁ በእናቱ ፊት የማይለው ነገር ይኖረዋል።