የውሻችን ቆዳና የልጆቻችን ጤና

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ውሻ የግቢ ጠባቂ ብቻ አይደለም፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አስቀድመው የሚያቅፉት እርሱን ነው። ታዲያ አንድ ቀን የውሻው ጠጉር በአንድ በኩል ተመልጦ ይታያል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም በልጁ ክንድ ላይ ክብ ጭርት ይወጣል። ያን ጊዜ ባል “ውሻው ከግቢ ይውጣ” ሲል ሚስት “ልጆቹ ያለቅሳሉ” ትላለች። ውድ አንባቢያን፣ ከክርክሩ በፊት በሽታውን ለይቶ ማወቅ ይበጃል።

ሁለቱ ፈንገሶች

የመጀመሪያው ጭርት ነው። በውሾች ላይ ዋነኛው አምጪ ማይክሮስፖረም ካኒስ ይባላል። “ካኒስ” በላቲን የውሻ ማለት ቢሆንም ፈንገሱ ይበልጥ የሚኖረው በድመት ላይ ነው። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፣ የተሰባበረ ጠጉርና ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ምልክቶቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ በፊት፣ በጆሮና በእግር ላይ ይታያል፤ ሁልጊዜ ግን አያሳክክም። ቡችሎችን ይበልጥ ያጠቃል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

ሁለተኛው ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ ነው። በጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይ በጥቂቱ ይኖራል፤ ውሻው አለርጂ ሲኖርበት ወይም ቆዳው እርጥበት ሲበዛበት ግን ከልክ በላይ ይራባል። ውሻው ያካል፣ መዳፉን ይልሳል፤ ቆዳው ይቀባባል፣ ይሸታል፤ ሲቆይም ይጠቁራል፣ ይወፍራል። እንደ ጭርት ወደ ልጆች ይጋባል ተብሎ አይፈራም።

ከእከክ ጋር አናምታታው

እከክም ጠጉር ያረግፋል፤ የሚመጣው ግን ከጥቃቅን ተባዮች ስለሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል። ጭርት ከተጠረጠረ የጠጉር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ውጤቱ እስከ 3 ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ሕክምናው

2 በመቶ ክሎርሄክሲዲንና 2 በመቶ ሚኮናዞል ያለው ሻምፑ ለሁለቱም ዓይነት ይጠቅማል። ውሻው በሳምንት 2 ጊዜ ይታጠባል፤ አረፋው ለ10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በደንብ ይለቀለቃል። ጭርቱ ከተስፋፋ ሐኪሙ እንደ ኢትራኮናዞል ወይም ተርቢናፊን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ያዝዛል። ጠጉሩ መብቀል ስለጀመረ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። ለማላሴዚያ ደግሞ መነሻው አለርጂ ከሆነ እርሱም ካልታከመ በሽታው ይመለሳል።

ላምባ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ፈጽሞ አይቀባ፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ውሻው ሲልሰውም ይመርዘዋል። ኮርቲዞን ያለበት የሰው ቅባትም ጭርትን ያባብሳል።

ቤቱን ማጽዳት

የጭርት ዘር በረገፈ ጠጉር ላይ እስከ 18 ወር ሊቆይ ስለሚችል ውሻውን ማከም ብቻ አይበቃም። የሚተኛበት ጨርቅ በሳሙና ይታጠብ። ጠጉሩ ተጠርጎ፣ ወለሉ በሳሙና ከታጠበ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ32 እጅ ውሃ በጥብጦ ማፍሰስና 10 ደቂቃ ማቆየት ይጠቅማል። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ ውሻውም ላይ አይፍሰስ። ድመት ካለች እርስዋም ትመርመር፤ ምልክት ሳይታይባት ልትሸከም ትችላለችና። ባልና ሚስት ሥራውን ተከፋፍለው አንዱ ውሻውን፣ ሌላው ቤቱን ቢይዙ ይቀላል።

ልጆቹስ?

ውሻው እስኪድን ልጆች አይቀፉት፤ የነካውም እጁን ይታጠብ። በተለይ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የሰውነት መከላከያ አቅማቸው የደከመ ሰዎች ይጠንቀቁ። ጭርት የወጣበት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ የራስ ጭርት በቅባት ብቻ ስለማይድን የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ጥፋተኛው ሁልጊዜ ውሻው አይደለም። በአገራችን በልጆች ራስ ላይ የሚወጣውን ጭርት በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለ ፈንገስ ሲሆን የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው። ማበጠሪያና ኮፍያ መዋዋስ፣ አልጋ መጋራትም ያጋባል። እንዲህ ከሆነ ውሻውን ማባረር ልጁን አያድነውም። የታመመው ውሻው ቢሆንም እንኳ፣ ወደ መንገድ ቢጣል በሽታውን ለጎረቤት ልጆች ያደርሳል። ጭርት የሚድን በሽታ ነው፤ ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ውሻውንም ልጁንም አስመርምሩ።